ጉልበቱን ሸጡልን፤ ስለ ኖዝሉ ማን ይንገረን?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የምንኖር ሰዎች ፋሲካ ሲቃረብ ምን እንደሚጠብቀን እናውቃለን። ዛፉ ሁሉ ቢጫ ብናኙን ያራግፋል፤ መኪናው፣ በረንዳው፣ የመስኮቱ ደፍ ቢጫ ይለብሳል። የብርዱን ወራት ፀሐይ ሳያይ የከረመው የቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ወዲያው ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ ይመጣል፤ ግድግዳችሁን አጽዱ፣ ካልሆነ ቅጣት አለ ይላል። ግንቦትና ሰኔ የልጆች ምርቃት ነው። እንግዳ ተጠርቷል፣ ድንኳን ሊተከል ነው፣ ቤቱ ግን ሻጋታ ለብሶ ቆሟል። ስለዚህ ግማሻችን ፕሬሸር ዋሸር የሚባለውን የግፊት ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት፣ ግማሻችን የሚያጥብልን ሰው ለመፈለግ በአንድ ሰሞን እንወጣለን። እሮሮው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ቤት ማጠብን ለእንጀራዬ የያዝኩ ሰው ነኝ። የምጽፈው ግን የራሴን ብሶት ብቻ አይደለም። ቅዳሜና እሑድን ለተጨማሪ ገቢ ይህን ሥራ የጀመሩ ወንድሞቼ፣ ለራሳቸው ቤት ብለው ማሽን የገዙ ጎረቤቶቼ፣ ሁሉም የሚያነሡት አንድ ዓይነት ቅሬታ ነው። ማሽኑ የሚሸጠው በጉልበቱ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 3000 ፒኤስአይ፣ 3400 ፒኤስአይ የሚል የግፊት ቁጥር ተጽፏል። የምንኖርበት ቤት ግድግዳ ግን የሚጸዳው በጉልበት ሳይሆን በኬሚካል ነው። ኬሚካሉን ግድግዳው ላይ የሚያደርሰው ደግሞ በዘንጉ ጫፍ የሚሰካው ትንሽ ኖዝል ነው። ሥራው መቃናት አለመቃናቱን የሚወስነው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ካርቶኑም፣ መመሪያውም፣ ሻጩም ስለ እሱ ሲጠየቁ አፋቸውን ይዘጋሉ።

አረንጓዴው ነገር አቧራ አይደለም፤ ሕይወት ያለው አልጌና ሻጋታ ነው። በከፍተኛ ግፊት ሲመታ ላዩ ይላጫል፣ የተረፈው ግን ተመልሶ ይበቅላል። የሚገድለው በረኪና ነው፤ በኬሚስቶች ስሙ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት። ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ጥንካሬው አንድ በመቶ ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ የሆነ በረኪና፣ ቶሎ እንዳይወርድ ጥቂት ሳሙና ተጨምሮበት፣ ሳይደርቅ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በለስላሳ ውሃ ቢለቀለቅ ይበቃል። ጣሪያው ላይ የምናየው ጥቁር መስመርም እንዲሁ ሕይወት ያለው ነው፤ ግሎይኦካፕሳ ማግማ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የአስፋልት ጣሪያ አምራቾች ማኅበር ራሱ ጣሪያ በግፊት ማሽን እንዳይታጠብ አጥብቆ ይመክራል። ምክሩ የልብስ በረኪናና ውሃ እኩል ተቀላቅለው ይረጩ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ በዝቅተኛ ግፊት ይለቅለቁ የሚል ነው። ካርቶኑ ላይ ግን ይህን የሚያህል ቁም ነገር ቦታ አላገኘም።

ግድግዳውን የሚያለብሰው ቪኒል ሳይዲንግም ጉልበት አይወድም። ተደራርቦ የተሰቀለ እንጂ ውሃ እንዳያስገባ የታሸገ አይደለም፤ ከጀርባው የገባ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ከሥሩ የተተዉለትም ለዚህ ነው። ከታች ወደ ላይ በኃይል ሲረጭ ግን ውሃው ከሚወጣው በላይ እየገባ እንጨቱን ያርሳል፤ ውጩን አጸዳሁ ያለ ሰው ውስጡን ያሻግታል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራና ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ሊድ ሊኖርበት ይችላል። ያንን በግፊት መላጥ ልጆች የሚጫወቱበት ጓሮ ላይ መርዝ መበተን ነው።

ይህን ሁሉ ለደንበኛ ማስረዳት ሌላ ድካም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንዲት እናት በለስላሳ ውሃ ሳሙናውን ስረጭ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እንዲህ ስታርከፈክፈው ብትውል መች ይለቃል? ጉልበቱን ጨምርበት እንጂ» አሉኝ። «እማማ፣ ወጥ የሚጣፍጠው በእሳቱ ብዛት ነው በቁሌቱ?» አልኳቸው። «እሱስ በቁሌቱ ነው» ብለው ትንሽ ዝም አሉና «ይሁን፣ እናያለን» ብለው ገቡ። አልፈርድባቸውም። ላቫጆ ቤት መኪና ሲታጠብ ያየ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያነበበ፣ ሲሚንቶ እንደ አዲስ ሲነጣ በማስታወቂያ የተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያምነው ይህንኑ ነው። ያሳመኑት ሻጮቹ ናቸው፤ እምነቱን የማስለወጡ ዕዳ ግን በየግቢው በእኛ ላይ ወድቋል።

አሁን ወደ ኖዝሉ ልምጣ። ከማሽኑ ጋር ብዙ ጊዜ አምስት ኖዝል ይመጣል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ጥቁር። ቀለሙ የሚነግረን ውሃው የሚበተንበትን ማዕዘን ነው፤ ቀዩ 0 ዲግሪ፣ ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40። ጥቁሩ 65 ዲግሪ ገደማ የሚበትነው የሳሙና ኖዝል ነው። እስከዚህ መልካም። ችግሩ ቀለሙ ስለ ቀዳዳው ስፋት አንዳች አለመናገሩ ነው። ለትንሽ ማሽን የተሠራ አረንጓዴና ለትልቅ ማሽን የተሠራ አረንጓዴ በዓይን አይለዩም። ሰው ግን አንዱ ሲጠፋበት ቀለሙን አይቶ ሌላ አረንጓዴ ይገዛል። ቀዳዳው ከጠበበ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ማሽኑ ውሃውን ወደ ራሱ እየመለሰ ፓምፑን ያግለዋል። ከሰፋ ደግሞ 3000 የተባለው ማሽን ድንገት ጉልበት ያጣል። ሰውየው ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ጥገና ይወስደዋል። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ቀዳዳው ነው ያልገጠመው።

ስፋቱን የሚነግረን ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው፤ እሱም ያለ መነጽር አይነበብም። 4004 የሚል ኖዝል ማዕዘኑ 40 ዲግሪ፣ መጠኑ 4 ነው። 4040 የሚለው ደግሞ ማዕዘኑ 40 ዲግሪ፣ መጠኑ 40 ነው። አንዱ ለማለቅለቂያ፣ ሌላው ለሳሙና የሚሆን ነው፤ በእኩል ግፊት በሚያሳልፉት ውሃ አሥር እጥፍ ይለያያሉ። አንዳንዱ አምራች ደግሞ መጠን 4 የሆነውን 40040 ብሎ ይቀርጸዋል። 0004 እና 0040 ላይም ያው ጣጣ ነው። በሥራ መሃል፣ እጅ በሳሙና ተሟልጮ፣ ላብ ዓይን ውስጥ እየገባ ዜሮ መቁጠር ያሰለቻል። አንዲት ዜሮ ብትዘለል ወይ ሳሙናው አይሳብም፣ ወይ የሚያለቀልቀው ውሃ ግድግዳው ጋ ሲደርስ አቅም የለውም። «መጠን 4» እና «መጠን 40» ብሎ ለይቶ መቅረጽ ምን ይከብዳል?

መጠኑስ ምን ማለት ነው? ቁጥሩ ኖዝሉ በ4000 ፒኤስአይ ግፊት በደቂቃ የሚያሳልፈውን ውሃ በጋሎን ይናገራል። እኛ የምንገዛው ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ 4000 ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ሂሳብ መሥራት ግድ ነው። በደቂቃ 4 ጋሎን በ3000 ፒኤስአይ የሚሰጥ ማሽን የሚፈልገው ማለቅለቂያ መጠኑ 4 ሳይሆን 4.5 ነው። 2.5 ጋሎን በ3000 የሚሰጠው ደግሞ 3 ይፈልጋል። ትምህርት ቤት የተማርነውን ስኩዌር ሩት ቆሻሻ ግድግዳ ሥር ቆመን እንድናስታውሰው ተፈርዶብናል።

የሳሙናው ስሌት ከዚህም ይብሳል፤ እዚያ የምንፈልገው ግፊቱን ማውጣት ሳይሆን ማውረድ ነውና። መጠኑ 40 የሆነ ኖዝል በደቂቃ 4 ጋሎን በሚሰጥ ማሽን ላይ ሲሰካ ግፊቱ ወደ 40 ፒኤስአይ ይወርዳል፤ ለግድግዳ የሚስማማ፣ ግን ሩቅ የሚሄድ ውሃ ነው። ያው ኖዝል 8 ጋሎን በሚሰጥ ማሽን ላይ 160 ያህል ይሆናል። 2.5 ጋሎን በሚሰጠው የቤት ማሽን ላይ ሲሰካ ግን 16 እንኳ አይሞላም፤ ውሃው እግር ሥር ይፈሳል። ጋሎኑ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና ትንሽ ልዩነት ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ይህን የማያውቅ ባለትንሽ ማሽን ባለትልቁን ይጠይቃል፤ «40 ግዛ፣ እኔ የምሠራው በሱ ነው» ይባላል። ይገዛል፣ ከበሩ በላይ አልሄድ ይለዋል። ለእሱ የሚስማማው መጠኑ 20 አካባቢ የሆነው ነበር፤ ያኔ ግፊቱ 60 ገደማ ላይ ይቆምለት ነበር። መካሪው አልዋሸም፣ ገዢው አልሰነፈም። ጎኑ ላይ «ለዚህ ያህል ጋሎን» የሚል ጽሑፍ ያልለጠፈው አምራች ነው ሁለቱን ያቀያየማቸው።

በካርቶኑ የሚመጣው ጥቁር ኖዝል ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። በ65 ዲግሪ የተበተነ ውሃ ጥቂት ጫማ ከሄደ በኋላ አቅሙ ያልቃል፣ ጉም ሆኖ ንፋስ ይወስደዋል። ለመኪና፣ ለአጥር፣ ለበረንዳ ይሆናል። በእኛ አካባቢ ያለው ቤት ግን በብዛት ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ታውንሃውስ ከሆነ ከጀርባ ሲታይ ሦስት ፎቅ ይሆናል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተጋገረውን አልጌ ጥቁሩ ኖዝል አይነካውም። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? መሰላል ያወጣል። መሰላል ላይ ቆሞ ማስፈንጠሪያውን ሲጫን ዘንጉ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የወረደው ሳሙና መርገጫውን አሟልጮታል፤ ከመንገዱ ምሰሶ ወደ ቤቱ የገባው የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ አጠገቡ ነው። የብረት ማራዘሚያ ይዞ እዚያ የቆመን አባወራ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ያን ሁሉ አደጋ የሚጋፈጠው ቀዳዳው ሰፊ፣ ማዕዘኑ ጠባብ የሆነ አንድ የሳሙና ኖዝል ካርቶኑ ውስጥ ስላልተጨመረለት ነው። ለማሽኑ ጋሎን የተመረጠ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የ0 ዲግሪ ኖዝል ቢኖረው መሬት ላይ ቆሞ፣ መሰላል ሳይነካ፣ ሳሙናውን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባደረሰው ነበር።

እዚህ ላይ ዝም የማይባል ነገር አለ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቀይ ኖዝልም 0 ዲግሪ ነው፤ ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው። በሙሉ ግፊት ሲሠራ ቪኒል ይበሳል፣ እንጨት ይቦረቡራል፣ የሰውን ቆዳ ቀዶ ይገባል። ከላይ ነጥብ የምታህል ቁስል ከሥሯ ውሃና ቆሻሻ ይዛ ገብታ ሥጋና ጅማት ልታበላሽ ትችላለች። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ ደም ባይፈሰውም ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት። «ለላይኛው ፎቅ 0 ዲግሪ ይሻላል» የሚል ምክር በጆሮው ያለፈ ሰው ቀዩን አንሥቶ ቢሰካው ማን ይወቀሳል? ሁለቱም 0 ተብለዋል፤ አንዱ ሳሙና ያደርሳል፣ ሌላው ሰው ያቆስላል።

ቀጥሎ ያለው ለቅሶ «አይስብም» የሚለው ነው። በሚያዝያና በግንቦት ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ከወዲያ በኩል የሚመጣው ድምፅ ያው ነው፤ «ወንድሜ፣ ይሄ ማሽን ሳሙና አልስብ አለኝ፣ ምን ላድርገው?» ሳሙናውን የሚስበው ኢንጀክተር ከፓምፑ በኋላ የሚገጠም ትንሽ ዕቃ ነው። ውሃው በጠባቡ ወገቡ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን እዚያ ቦታ ላይ ግፊቱ ይወርዳል፣ በጎኑ ያለው ቀጭን ቱቦ ያኔ በረኪናውን ከባልዲው ይስባል። ይህ የሚሆነው ግን ከፊቱ ያለው መንገድ ሲከፈትለት ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ጠባብ ኖዝል ካለ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ አይስብም። የማለቅለቂያው ኖዝል ሲሰካ መሳቡን በራሱ የሚያቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው። ይህችን የሚነግረው ያጣ ሰው ኢንጀክተሩን ይፈታል፣ ሌላ ይገዛል፣ በመጨረሻም ማሽኑን ጭኖ ወደ መደብሩ ይመልሳል። የተቀበለው ሠራተኛም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ሌላ ካርቶን ያስረክበዋል፤ ውስጡ ያው ነው።

ኖዝሉ ልክ ሆኖም ላይስብ ይችላል። ኢንጀክተሩ ራሱ በጋሎን ይለያያል፤ ከ2 እስከ 3 ጋሎን፣ ከ3 እስከ 5፣ ከ5 እስከ 8 ለሚሰጥ ማሽን እየተባለ ይሠራል። የትልቁን ለትንሹ ብንገጥመው ውሃው ወገቡ ላይ ስለማይፈጥን ባልዲው እንደሞላ ይውላል። የመሳቢያው ቱቦ ትንሽ ከተሰነጠቀ አየር ይስባል። የጫፉ ማጣሪያ ይደፈናል። ከሁሉ የምታማርረው ውስጡ ያለችው ኳስና ሞላዋ ናት። በረኪና ሲደርቅ ጨው ይሆንና ያጣብቃታል፤ በየሥራው ማብቂያ ንጹሕ ውሃ ካልተሳበበት በሚቀጥለው ቤት አይሠራም። ሞላዋ ተራ ብረት ከሆነች ቶሎ ትበላለች፣ ጎሚኒውም ይደርቃል። የብዙ የቤት ማሽን መመሪያ ጭራሽ በረኪና አታስገቡበት ይላል። ለማሽኑ ማሰቡ ደግ ነው፤ ግን አረንጓዴውን ምን ይግደለው? ማሽኑን ቤት ማጠቢያ ብለው ከሸጡ በኋላ ቤት የሚያጥበውን ነገር መከልከል ምን የሚሉት አሠራር ነው?

ሳበ እንበል። ስንት ሳበ? «አሥር ለአንድ» ይባላል። ያ ጎማው አጭር፣ ኢንጀክተሩ አዲስ፣ መገጣጠሚያው ሰፊ ሲሆን ነው። ጎማው ሲረዝምና መገጣጠሚያው ሲጠብ 15 ለአንድ፣ 20 ለአንድ ይሆናል። በረኪናውም አንድ አይደለም። ከመዋኛ ገንዳ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው 12.5 በመቶ፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዛው 6 ወይም 7.5 በመቶ ነው። 12.5ቱ አሥር ለአንድ ሲቀጥን ግድግዳው ላይ 1.1 ገደማ ይደርሳል። 6ቱ 20 ለአንድ ሲቀጥን 0.3 እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ በረኪና በሙቀትና በብርሃን ይደክማል፤ በሐምሌ ሙቀት ቫን ውስጥ የከረመ ጋሎን ላዩ ላይ 12.5 ቢልም ውስጡ ያንን ያህል አይደለም። ስለዚህ ያው ሰው በዚያው ማሽን አንዱን ቤት አንጽቶ ሌላው ላይ ያፍራል።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የሳሙናውን ዕቃ በልክ ሞልቶ፣ የሳሙና ኖዝሉን ሰክቶ፣ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ በዘንጉ መሙላት፤ ከዚያ ከሳሙናው ዕቃ ስንት እንደጎደለ ማየት ነው። ግማሽ ጋሎን ከጎደለ ከወጣው አንድ አሥረኛው ኬሚካል ነው ማለት ነው። ኖዝሉን ቀይሮ መድገም፣ ጎማውን ቀጥሎ መድገም። የሦስት መስመር መመሪያ ነው። ማሽኑን በምን ዓይነት ቤንዚን እንደምንሞላው በገጽ በገጽ የሚያስተምረን መጽሐፍ ይህን ሦስት መስመር ነፈገን።

ጎማውም ሌላ የማይነገር ምሥጢር ይዟል። ርዝመቱ 200 ጫማ፣ የውስጥ ስፋቱ 3/8 ኢንች የሆነ ጎማ ከአንድ ጋሎን በላይ ይይዛል። ኢንጀክተሩ ማሽኑ ጋ፣ ኖዝሉ በሌላው ጫፍ ነው። ስለዚህ የሳሙናውን ኖዝል ስንሰካ መጀመሪያ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ ነው። ወደ ማለቅለቂያው ስንቀይር ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው በረኪና ነው። ይህን ያልሰማ ሰው የጽጌረዳውን ቅጠል ላድን ብሎ የመጨረሻውን ጠንካራ በረኪና ያጠጣዋል፣ የነሐስ በር እጀታውንም ያጠቁረዋል። ጎረቤት አበባዬ ደረቀ ብሎ ሲመጣ የሚነሣውን ጭቅጭቅ እኔና ባልደረቦቼ እናውቀዋለን። ተክሉን በሌላ ተራ ጎማ አስቀድሞ፣ በመሃልም፣ ሲያበቃም ማራስ ያስፈልጋል፤ ይህን ለማወቅ ግን አንድ ሰው አትክልቱን መክሰር የለበትም።

ሌላ መንገድ የለም ወይ የሚሉኝ አሉ። አለ፤ ከጣጣ የጸዳ ግን የለም። አራት ኖዝል በአንድ ላይ የያዘ ጄ ሮድ የሚሉት ዕቃ አለ፤ ሁለቱ ለሳሙና፣ ሁለቱ ለማለቅለቂያ፣ ከየጥንዱ አንዱ ለቅርብ አንዱ ለሩቅ ነው። ኖዝል ሣር ውስጥ ከመፈለግ ያድናል፤ ሆኖም እሱም ለማሽኑ ጋሎን ካልተመረጠ የባሰ ያደናግራል። ኬሚካሉን ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚስብም አለ። ጠንካራ ድብልቅ ያደርሳል፣ በረኪናውም በጎማው አያልፍም፤ ግን ባልዲውን ከግድግዳ ግድግዳ ሲጎትቱ መዋል ነው። በባለ 12 ቮልት ፓምፕ ለብቻው የሚረጭም አለ። ለጣሪያ የሚሆነው ጠንከር ያለ ድብልቅ የሚወጣው በእሱ ነው፤ ታንክ፣ ባትሪ፣ የራሱ ጎማና የራሱ ኖዝል ይፈልጋል። አንዱን ለማዳን ሌላ ሲገዙ ለምርቃቱ የተቀመጠው ገንዘብ ያልቃል።

የኖዝሉ ነገር የሚያበቃው ግቢያችን ውስጥም አይደለም። ልኩን ያላወቀ ሰው «ይጠንክር» ብሎ በረኪናውን ያበዛል፣ ከዚያም አልፎ የዝገት ማስለቀቂያ አሲድ በዚያው ባልዲ ይጨምራል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ከአሞኒያ ጋርም መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በረኪናና እነዚህ በአንድ ባልዲም፣ ባልተለቀለቀ በአንድ ጎማም መገናኘት የለባቸውም። የተረፈው ውሃ ደግሞ በመንገዱ ዳር ወደ ዝናብ ማስወረጃው ከገባ በአብዛኛው ሳይጣራ ጅረት ውስጥ ይገባል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ጅረቶች ወደ አናኮስቲያና ወደ ፖቶማክ፣ እነሱም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳሉ። በትክክለኛ ኖዝል በልክ የተረጨ ቤት ጥቂት ኬሚካል ይበቃዋል፤ በግምት የተረጨው ግን ሣሩንም፣ ዓሣውንም፣ የረጪውንም ሳንባ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ክፍያ ማን እየከፈለ ነው? ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆመን የምንጨዋወተው ሰዎች ነን። ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ሠርቶ ያጠራቀመውን ብር ለማሽን አውጥቶ «የራሴን ሥራ ልጀምር» ያለ ወጣት፣ የመጀመሪያውን ቤት አበላሽቶ በመጀመሪያው ወር ስሙ ይጠፋል። የሥራው ወቅት አጭር ነው፤ ፀደዩን ያጣ ሰው ዓመቱን አጣ ማለት ነው። ተነግሮት አልሰማ ቢል ኖሮ ባላዘንኩ። እንግሊዝኛውን አብጠርጥሮ ያነበበውም ያላገኘው ነገር ነው፤ አልተጻፈምና።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ከፒኤስአይው ጎን፣ በእኩል ፊደል፣ ጋሎኑ ይጻፍ። ኖዝሉ ላይ ማዕዘኑና መጠኑ ለየብቻ፣ በሚነበብ ቁጥር ይቀረጽ። ከጥቁሩ ጋር ሁለተኛ ፎቅ የሚደርስ፣ ለዚያው ማሽን ጋሎን የተመረጠ አንድ የሳሙና ኖዝል ይጨመር፤ ከቀዩ እንዲለይም የራሱ ቀለም ይሰጠው። የባልዲው ልኬት በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይግባ። ይህ ለአምራቹ ኪሳራ አይደለም፤ ለእኛ ግን የመሰላል አደጋ፣ የጎረቤት ጸብና የከንቱ ወጪ ማብቂያ ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለው አንድ ጥያቄ ነው። ማሽን ልትገዙ ስትሄዱ ስለ ጉልበቱ የሚነግሯችሁን ስሙና፣ «ይህ ማሽን በደቂቃ ስንት ጋሎን ይሰጣል? በዚያ ጋሎን ሳሙና የሚስበውና ሁለተኛ ፎቅ የሚደርሰው ኖዝል መጠኑ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን የሚነግራችሁ ካለ ከእሱ ግዙ። ከሌለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ጥያቄው በበዛ ቁጥር አምራቾቹ መልሱን ለመጻፍ ይገደዳሉ።